ሦስተኛ የወጣው ሱቅ

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስለ ፍቅር የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ስለ ምስር ዋጋ እነግረው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። «ዘንቢል» በምትባል ወርኃዊ መጽሔት ላይ የገበያ ዐምድ እጽፋለሁ፤ በትክክል ለመናገር ግን በዐምዱ እጣላለሁ። ቀኑን ፍቆ ያረጀ የቲማቲም ድልህ ከሚሸጥ ጋር እጣላለሁ። ዋጋ ሳይለጥፍ ፊቴን አይቶ ከሚተምን ጋር እጣላለሁ። ወዳጅ አላፈራሁበትም፤ አንባቢ ግን ነበረኝ፣ እሱም ይበቃኝ ነበር።

አዘጋጃችን አበራ አንድ ቀን ጠራኝና በአዲስ አበባ ዙሪያ ሱፐርማርኬት እንደ አሸን ፈልቷል፣ የቤት ኪራይ ሸሽቶ የወጣው ሁሉ የሚሸምተው እዚያ ነው፣ ሄደሽ አወዳድሪልኝ አለኝ። ከቡራዩ አንድ፣ ከሱሉልታ አንድ፣ ከሰበታ አንድ። ተመሳሳይ ዕቃ ገዝቼ ደረጃ ላወጣላቸው ነው። ሥራው በልኬ የተሰፋ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔና አባቴ ሐሰን ራሳችን ኪራይ ሸሽተን ቡራዩ ከገባን ስድስት ዓመት ሆኖናል።

አሠራሬ ቀላል ነው። ማን እንደሆንኩ አልናገርም። ምስር፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ማካሮኒ፣ ሳሙና እና የዱቄት ወተት እገዛለሁ። ከዚያ ወጥቼ ጥግ እይዝና፣ ከቦርሳዬ በማትለይ መንጠቆ ባላት ትንሽ የእጅ ሚዛን ሁሉንም መልሼ እመዝናለሁ። ቁጥሩ የጎደለበትን ባለ ሱቅ እግዜር ይሁነው።

የሱሉልታው ሱፐርማርኬት መስታወት በመስታወት ነው። ወለሉ ያበራል፣ ሙዚቃው ዝግ ያለ ነው፣ ጋሪው ሳይንጫጫ ይገፋል። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ ሳታየኝ ሸኘችኝ። ኪሎው ልክ ኪሎ ነው። የቡራዩው ጠባብ ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከታክሲ የወረደው ሕዝብ በአንዴ ይጎርፍበታል፣ ዳቦው በሃያ ደቂቃ ያልቃል፣ ኪሎውም ትንሽ ይጎድላል። እያንዳንዳቸውን በአንድ ጉብኝት ጨረስኩ።

ሰበታ ሦስት ጊዜ ሄድኩ።

ሱቁ ከፋብሪካዎቹ አለፍ ብሎ በጅማ መንገድ ዳር ነው። በሩ ላይ «ዱርሲቱ ሱፐርማርኬት» ይላል። ሱፐርማርኬት ማለቱ ድፍረት ነበር። ማካሮኒውና ሳሙናው በመደርደሪያ ተሰልፏል፤ ከሥሩ ግን በዚያው መንገድ ካለችው ከተጂ ገበሬዎች የመጣ ምስርና ሽምብራ አፉን በከፈተ ጆንያ ቆሟል። በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ያርፉበታል፣ ምንም ሳይገዙ ይሄዳሉ። ተናደድኩ። ሱቅ ወይ ሱፐርማርኬት ይሁን ወይ ጉሊት፤ መሀል ላይ መቆም ምን የሚሉት ነው?

ሚዛኑ ጋ የቆመው ሰው ረጅም ነው፤ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል፣ ክንዱ ላይ የሽሮ ብናኝ አለ። ምስር አልኩት።

«ለምንድነው?» አለኝ።

«ለመብላት።»

«ለወጥ ከሆነ ክኩን ልስጥሽ። ለሳምቡሳ ከሆነ ግን ድፍኑ ነው።»

በሙያዬ ዘመን የገዛሁት ምስር ምን ሊሆን እንደሆነ የጠየቀኝ ባለ ሱቅ አልነበረም። ዓይኑን አየሁት። ለምስር ከሚያስፈልገው በላይ ቆይቼ አየሁት መሰለኝ፣ እሱም ዓይኑን ከእኔ አላነሳም። ያንን ለመሸፈን ዞር ብዬ የወተት ቆርቆሮዎች ቀን ማንበብ ጀመርኩ። ስመለስ ፌስታሉን እያሰረ ነበር።

ጥግ ይዤ መዘንኩት። አንድ ኪሎ ከዘጠና ግራም።

በሳምንቱ ተመልሼ ሩዝ ገዛሁ። አንድ ኪሎ ከሰባ። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ምስር፤ አንድ ኪሎ ከመቶ። ሌሎቹን አንዴ አይቼ ሰበታን ለምን ሦስቴ እንደሄድኩ አበራ ሲጠይቀኝ ለጥናቱ ጥራት ነው አልኩት። ይህን ራሴም አመንኩት።

በሦስተኛው ቀን ሰውዬው፣ ዲሪርሳ እንደሚባል ገንዘብ ተቀባይዋ ስትጠራው ሰምቻለሁ፣ ክንዱን ሚዛኑ ላይ አሳርፎ ጠየቀኝ።

«ከየት ነው የምትመጪው?»

«ከቡራዩ።»

«ቡራዩ ምስር የለም?»

«አለ።»

«እና?»

ፌስታሉን ከሚዛኑ ላይ አነሳሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ራዲያ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ስትሸፍን አየኋት። ተናድጄ ወጣሁ፤ እንደተናደድኩም ጻፍኩ።

የጻፍኩትን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ሱሉልታን አንደኛ፣ ቡራዩን ሁለተኛ፣ ሰበታን ሦስተኛ አደረግኩ። ስለ ሰበታው «ሦስት ጊዜ መዝኛለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሚዛኑ ተሳስቷል። የዚህ ሱቅ ሚዛን እምነት የሚጣልበት አይደለም» አልኩ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አንድ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነበረ፦ «ስህተቱ ለገዢው የሚያደላ ቢሆንም።» እሱን ራሴ ሰረዝኩት። የጽሑፉን ጥርስ ያዶለድም ነበር። የተበላሸ ሚዛን ወደ የትም ያዘንብል ወደ የት፣ የተበላሸ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ባለ ሱቁን ጠይቄዋለሁ ወይ? አልጠየቅኩትም። እኔ ነበርኩ ጠያቂዋ፤ የጠየቀው ግን እሱ ብቻ ነበር።

መጽሔቷ ኅዳር መጨረሻ ላይ ወጣች። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያወራው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬዎች መሬት ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን ነበር። ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጥተዋል፣ መንገድ ይዘጋል ይከፈታል፣ ታክሲ ውስጥ የማይተዋወቅ ሰው በሹክሹክታ የማን መሬት እንደተለካ ይጠያየቃል። ከእርሻ ላይ መስመር ሲያሰምሩ ገበሬውን ለማናገር ጊዜ ያጡ ሰዎች ላይ እኔም አብሬ እናደድ ነበር። ሳይጠይቁ መወሰን ወንጀል ነው እል ነበር፤ ያለ ምንም እፍረት።

ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ራዲያ ነበረች።

«አንቺ ነሽ ምስሯ?» አለችኝ።

ማንን ነው የምትፈልጊው አልኳት። የጻፈችውን ነው የምፈልገው፣ ከቡራዩ ሰበታ ድረስ ለምስር የሚመጣ ሌላ እብድ አናውቅም አለች። ከዚያ ነገረችኝ። ተቆጣጣሪዎች መጽሔቷን ይዘው መጥተው በሩን አሽገውታል።

በማግስቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ዲሪርሳና ራዲያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከነሱ ፈንጠር ብለው ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ በሩን እያዩ ተቀምጠዋል፤ አባቱ ኦቦ ጎበና ናቸው። ሰላም ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም።

ዲሪርሳ አልጮኸም። ቢጮህ ይቀለኝ ነበር፤ ለጩኸት ሁልጊዜ መልስ አለኝ። እሱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሚዛኑ ወደ የት ነው የተሳሳተው?»

«ይጨምራል» አልኩ። «በሦስቱም ጊዜ ጨምሯል።»

ራዲያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዲሪርሳ አልሳቀም፤ ገባው፤ ሲገባው ደግሞ ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት ሳይሆን መገረም ነበር።

«ሚዛኑ ልክ ነው» አለኝ። «የጨመርኩት እኔ ነኝ። ምርቃት ነው።»

ምርቃት አውቃለሁ። ጉሊት ላይ ሻጯ ድንቹን ከቆጠረች በኋላ አንድ ጣል የምታደርገውን የማያውቅ ማን አለ? ቁጥር ከሚያወጣ የኤሌክትሪክ ሚዛን ጀርባ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም። ኦቦ ጎበና ሱቁ ሲከፈት አንድ ነገር ብቻ አዝዘው ነበር አለኝ፦ ሚዛኑ ከተናገረ በኋላ እጅ ሳይጨምርበት የሚታሰር ፌስታል እንዳይኖር። እኔ የወተት ቀን ሳነብ እሱ እጁን ጆንያው ውስጥ ይከት ነበር።

ከዚያ የቀረውን ነገረኝ። የአባቱ መሬት ከዓመታት በፊት ለፋብሪካ ተወስዷል። ካሳው ሱቅ ሆነ፤ በሟች እናቱ በዱርሲቱ ስም። አሁን ደግሞ በአዲሱ ፕላን ይህም የመንገድ ዳር ይነካል እየተባለ ይወራል። አባቱ በየቀኑ መጥተው የሚቀመጡት ለዚያ ነው።

«ከመሬቱ የቀረው ይህ በር ነው» አለኝ። «አሁን እሱም ተዘግቷል።»

የሚከፈትበት መንገድ ሁለት ነበር። ወይ ክብደቱ የታወቀ መፈተሻ ድንጋይ ያለው ባለሙያ መጥቶ ሚዛኑን ያያል፤ እሱ ደግሞ መንገዱ ስለተዘጋ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ወይ የጻፈችው ሰው ራሷ ቀርባ ተሳስቻለሁ ብላ ትፈርማለች።

ለአበራ ነገርኩት። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰበታን ስም ማንሳት ራሱ ፖለቲካ ነው አለ፣ መጽሔቷ ተሳሳትኩ ብላ አታውቅም፣ ከፈረምሽ ዐምዱን ለሌላ እሰጣለሁ። ፈሪ አልኩት። እሱም እሺ ጀግና፣ ሄደሽ ፈርሚያ አለኝ።

አልፈረምኩም። ባለሙያው እስኪመጣ እንጠብቅ ብዬ ለዲሪርሳ ነገርኩት። ስሜን ነበር የሳሳሁለት፤ ብርቅዬ ሐሰን ከሚለው ስሜ ሌላ ሀብት አልነበረኝም። ዲሪርሳ አልለመነኝም። ከመለመን ይልቅ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ፤ ሥራ ፈትቻለሁ፣ አንደኛ የወጣውን ሱቅ አሳይኝ አለ።

እንዲህ ሆኖ ሱቁን ያሳሸግኩበትን ሰው ይዤ ሱሉልታ ወጣሁ። እንጦጦን ስንሻገር ነፋሱ በታክሲው መስኮት ይገባል፤ ጃኬቱን አውልቆ ጉልበቴ ላይ አደረገው።

ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ጋሪ ያዘ። እንደ ድንጋይ ማመላለሻ በሁለት እጁ ጨብጦ ሲገፋው ሳቄ መጣ። ዕቃ አልገዛም፤ ሱቁን አነበበው። ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር ያያል፣ ወደ ኋላ ያለውን ቆርቆሮ አውጥቶ ቀኑን ከፊተኛው ጋር ያስተያያል። አሮጌውን ከፊት ነው የሚያስቀምጡት፣ ቶሎ እንዲሸጥ፣ እኔ እንዲህ አላደርግም ነበር አለ። መብራቱ ከላይ ሳይሆን ከመደርደሪያው ውስጥ መሆኑን አሳየኝ። ዕቃ ደርዳሪዋን በኦሮምኛ ሰላም ብሎ ምን እንደሚፈጥን፣ ምን እንደሚከርም ጠየቃት፤ ልጅቷ መጀመሪያ ፈራች፣ ከዚያ ሥራዋን ትታ ታስጎበኘው ጀመረች። በእኔ ጉብኝት ቀን ከዚያች ልጅ አንድ ቃል አልወጣም ነበር፤ አንድ ቃልም አልጠየቅኳትም።

ያሸነፈውን ሰው ሱቅ በቅናት ሳይሆን በጉጉት የሚያይ ወንድ አይቼ አላውቅም። ማካሮኒው አጠገብ ቆሜ ልቤ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ጠርቼ ልመልሰው አልቻልኩም።

«ስትገቢ ማን ሰላም አለሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ቅር አለሽ?»

እውነቱን ልንገርህ ወይ አልኩት። ቡራዩ ላይ ዳቦ ልገዛ ስወጣ አባትሽ እንዴት ነው፣ መቼ ነው የምታገቢው፣ ምነው ከሳሽ የማይለኝ የለም። እዚህ ማንም አላየኝም፤ ሰላሳ ደቂቃ ከዕቃ ጋር ብቻዬን ነበርኩ፤ ዕረፍት ነበር።

ጋሪውን አቁሞ አሰበበት።

«ይህን አላወቅኩም ነበር» አለ። «እኔ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ ሊያወራ የመጣ ይመስለኛል።» ጋሪውን መልሶ ገፋ አደረገና፣ «አንቺንም አስቸገርኩሽ ማለት ነው?» አለኝ።

«ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ» አልኩት።

በዚያው ሳምንት ቡራዩን አሳየሁት። የምሽቱ ግፊያ ሲገባ ጥግ ይዘን ቆመን ገዢውን አየን። ለምን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንደሚገዙ ጠየቀኝ፤ ቀኑን ሙሉ አዲስ አበባ የዋለ ሰው ታክሲ ተጋፍቶ ሲመጣ ሁለት ፌስታል ነው የሚችለው አልኩት። እንግዲያው ይህ ሱቅ መሸጥ ያለበት ዕቃ ሳይሆን መቀመጫ ነው አለ። ተከራከርን። እኔ መደርደሪያ ያንሰዋል፣ እሱ በር ያንሰዋል አለ። ዳቦ ለመያዝ ስንጋፋ እጃችን ተነካካ፤ ዳቦው በእኔ እጅ ቀረ፣ እጄ ደግሞ በእሱ።

ስንወጣ አባቴ የሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ሰውን ከእግር እስከ ራሱ እንደ ጎማ ነው የሚፈትሸው። ቤት ስንገባ ማነው አለኝ። ሱቁን ያሳሸግኩበት ሰው ነው አልኩት። አባቴ ጫማውን እያወለቀ ብዙ አሰበ።

«እና ዳቦ ይገዛልሻል?» አለ።

በማግስቱ ታክሲ ተራው ጋ ዲሪርሳ ቁርጡን ነገረኝ። ሦስቱን ሱቅ ስናወዳድር ከርመን እኛን ራሳችንን ሳናነሳ ነበር የቆየነው።

«እወድሻለሁ» አለኝ። «ሱቁ ቢከፈትም ባይከፈትም እወድሻለሁ። አባቴ ግን ቀኑን ሙሉ የተዘጋ በር ፊት ነው የሚውለው። ማን እንዳስዘጋው ያውቃል። አንቺን ይዤ በዚያ በር ፊት ማለፍ አልችልም፣ ብርቅዬ።»

ፈርሚ አላለኝም። ያልተባለው ነው ይዞኝ የሄደው። ሁለት ቀን ሙሉ በሁሉም ላይ ተናደድኩ። በተቆጣጣሪዎቹ፣ በአበራ፣ መንገድ በዘጉት፣ መንገድ ባስዘጉት፣ ይቅር ማለት ባልለመዱት ሽማግሌ። የምናደድበት ሰው ሲያልቅብኝ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

ለገና ጥቂት ቀን ሲቀር ራዲያ እንደገና ደወለች። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም። ሱቁ ፊት ወጣቶች ተሰብስበዋል። ዲሪርሳ በተቃውሞው ጊዜ እንደ ሌላው ሁሉ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ ነበር፤ የታሸገው ለዚያ ቅጣት ነው ብለው አምነዋል፣ ማኅተሙን ሊቀዱት ነው። ከተቀደደ የሚታሰረው ዲሪርሳ ነው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ የታጠቁ ሰዎች አሉ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል፣ አይሰሙትም አለችኝ።

ታክሲው ሰበታ ሳይደርስ ዓለም ገና ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ የጎማ ጭስ ይታያል። ረዳቱ ከዚህ አናልፍም፣ መመለስ የሚፈልግ ይቀመጥ አለ። ወረድኩ። ሸክም ካዘሉ ሁለት ሴቶች ኋላ ኋላ እየሄድኩ ሰበታ ገባሁ። ምን እንደምል መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስደርስ ጠፋብኝ።

ስልሳ ሰው ይሆናል። ዲሪርሳ ድምፁ ዘግቷል። ኦቦ ጎበና አግዳሚው ላይ ናቸው። በሰው መሀል አልፌ ከዲሪርሳ ጎን ቆምኩ።

«ይህን ሱቅ ያሳሸገው ሰልፉ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«ማል ጄቲ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ምን ትላለች ማለቱ ነው። ራዲያ በኦሮምኛ መለሰችላቸው። ጃራ የሚሉት፣ ከፊት የቆመ ወጣት፣ ቀረበኝ።

«ማን ልኮሽ ነው?» አለ። «እነሱ ያሸጉትን በራስሽ ላይ የምትወስጂው ስንት ከፍለውሽ ነው?»

መጽሔቷን ከቦርሳዬ አወጣሁና የራሴን ጽሑፍ ከርዕሱ እስከ ስሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ንባብ የለም። ከዚያ የሰረዝኩትን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ተናገርኩ። ሚዛኑ የሚጨምር መስሎኝ ነበር፤ የጨመረው እጁ ነው፤ ምርቃት ነው፤ ሳልጠይቀው ከሰስኩት አልኩ።

ራዲያ ተረጎመች። ከሸክመኞቹ ሴቶች አንዷ፣ አብረን የተጓዝነው፣ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«ጨመረልኝ ብለሽ ነው የከሰስሽው?»

«አዎ።»

«ውይ ልጄ» አለች። «ቢቀንስልሽ ኖሮ ምን ልታደርጊው ነበር?»

መጀመሪያ የሳቀው ጃራ ነው፤ ሊይዘው ሞክሮ አመለጠው። ከዚያ ሳቁ ወደ ኋላ ሄደ፣ እየተተረጎመ፣ እየጨመረ። ስልሳ ሰው ስቆብኝ አያውቅም። ተፍ ተፍ ሲል የነበረ እጅ ሁሉ ረገበ፤ ድንጋይ ይዞ የነበረ ልጅ ድንጋዩን ጥሎ ሆዱን ያዘ። ሰዎች ጨምሮ የተከሰሰውን ባለ ሱቅ ታሪክ ይዘው ሊያወሩት በሁለት በሦስት እየሆኑ ሄዱ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት የነካው አልነበረም።

ኦቦ ጎበና ብቻ አልሳቁም። ተነስተው ወደ እኔ መጡ።

«በእግርሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

ከዓለም ገና አልኳቸው። ጫማዬን አዩት። ወደ ራዲያ ዞረው «ቢሻን ፊዲ» አሉ። ውኃ ስታመጣልኝ እሳቸው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀምረው ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ቀርቤ ፈረምኩ። ሱቁ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። አበራ እንዳለው አደረገ፤ ዐምዱ ለሌላ ተሰጠ፣ አዲሷ ጸሐፊ ሳይቆጣ የሚጽፍ እጅ አላት አሉ። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ሰዎች እፎይ አሉ፣ ግን አላመኑም፤ በዚያ ዓመት ሰው የሞተባቸው ደግሞ ሟቻቸውን የሚያስነሣላቸው ሬዲዮ አልነበረም።

እኔና ዲሪርሳ እሑድ እሑድ አዲስ አበባ እንገናኛለን። ያላየነው ሱቅ አልነበረም፤ ገብተን እናያለን፣ እንከራከራለን፣ እንወጣለን። ሰበታ ግን አልሄድኩም። አባቱ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ እሱም አልጠየቃቸውም። ሽማግሌ የሚልኩ እሳቸው ናቸው። ያለ እሳቸው ቃል አንጋባም ብለን ተስማምተን ነበር፤ ቃሉ ደግሞ አልመጣም። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ። አንድ ቀን ዲሪርሳን አባትህን ምን ያህል ልጠብቃቸው አልኩት። መሬቱ ሲወሰድም ዝም ነው ያለው አለኝ። ያንን ስሰማ ተስፋ ቆረጥኩ።

ሚያዝያ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ የኪራይ ቤታችን በር ተንኳኳ። አባቴ ከፈተ። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ መሀል ያሉት ኦቦ ጎበና ናቸው።

ለወትሮው የልጁ አባት ሌሎችን ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም። ወደ ጓዳ ሮጥኩና ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ሐሰን» ብለው ሰላምታ ሰጡ ኦቦ ጎበና። አባቴ እንዲገቡ ጋበዛቸው። ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተሰማለት አይቀመጥም፤ የቤቱ ባለቤት ተቀመጡ ካለ ደግሞ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። ቆመው ተናገሩ። ልጄ ልጅዎን ይፈልጋል፣ እኛ ክርስቲያን ነን፣ አንቱ ሙስሊም ነዎት፣ ይህን አውቀን ነው የመጣነው አሉ። አባቴ እናቷም ክርስቲያን ነበረች፣ እሱ አዲስ ነገር አይደለም አለ። ከዚያ ዝም አለ። አባቴ ዝም ሲል መኪና ሊቀድም መንገድ እንደሚያይ ሰው ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ሱቃችሁን ያስዘጋችባችሁ ይቺው ልጅ ናት። ለምን ትፈልጓታላችሁ?»

መጋረጃውን ጨበጥኩ። ያን ሁሉ ወር ልጠይቃቸው ያልደፈርኩት ጥያቄ ነበር።

ኦቦ ጎበና አልቸኮሉም።

«እኔ ላይ ብዙ ሰው ተሳስቷል፣ ኦቦ ሐሰን» አሉ። «መሬቴን የለካ ተሳስቷል። ካርታ የሳለ ተሳስቷል። ተሳስቻለሁ ብሎ ደጄ ድረስ የመጣ ግን በዕድሜዬ አንድ ሰው ነው። እሷም ያንቱ ልጅ ናት። አራት ወር አሰብኩበት፤ ሌላ አላገኘሁም።»

ከመጋረጃው ኋላ የአባቴን ፊት አላየሁም። የሰማሁት ትንፋሹን ብቻ ነው። በስድስት ዓመት የቡራዩ ኑሮው ከሰላምታ ያለፈ ኦሮምኛ ሲናገር ሰምቼው የማላውቀው አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታኣ» አለ። ተቀመጡ ማለቱ ነው።

ወንበሮቹ ሲጎተቱ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።